የማይነበብ ያልኩት

ጎባ፣ ኅዳር 9 ቀን 1891 ዓ.ም.

ጉሙ ገፈፍ ሲል መጻሕፍቱን ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ጎባ ላይ ፀሐይ ከተገኘች ሌላው ሥራ ይቆያል… እርጥበቱ ቆዳውን አረንጓዴ አድርጎታል። ስንክሳሩን አይጥ ጠርዙን ቀምሳዋለች። ድመት ማምጣት አለብኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ተሠርቶ እስኪያልቅ መጻሕፍቱ ሁሉ እዚህ ፊታውራሪ ብዙነህ ግምጃ ቤት ናቸው። ከጠመንጃው፣ ከማሩ፣ ከኮርቻው ጋር። ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው። መጀመሪያ ላይ ሴት ልጅ እንዴት ትይዛለች ያሉ ነበሩ። የፊታውራሪ ባለቤት ወይዘሮ አሰገደች ግን እኅተማርያም የመሪጌታ ልጅ ናት፣ ዳዊቷን ደግማለች፣ ከእሷ የተሻለ የሚያነብ ካለ ይምጣ ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። ባለቤቴ በየነ ያን ዕለት ከወታደሮቹ መሐል ቆሞ ሲስቅ አየሁት። ኮርቶብኝ ነው።

ስረከብ ክምር ነበር። ቄሰ ገበዙ አንድ ግጻዌ፣ የዕለቱን ንባብ ማሳያ፣ ፈልገው ሳያገኙ ይመሽ ነበር። አሁን በክር ለየሁት። ቀይ ክር ለወንጌልና ለቅዳሴ። ነጭ ለገድልና ለድርሳን። ሰማያዊ ለሕግና ለታሪክ። የሚዋስ ሰው መያዣ ይተዋል፣ ቀለበትም ይሁን መቋሚያ። መያዣው መጽሐፉ በነበረበት ቦታ ይቀመጣል። ማን ምን እንደወሰደ ሳልጠየቅ በዓይን ይታያል።

ዛሬ ቄሰ ገበዙ ግጻዌ ብለው ሳይጨርሱ እጃቸው ላይ አኖርኩላቸው። ሳቁ። መጽሐፍ የሚቀመጠው ለመገኘት ነው አልኳቸው። ይቺን ከየት አመጣኋት? ደስ አለችኝ… ለዚሁ ጻፍኳት።

ኅዳር 14

በሩ ሥር የተወሸቀውን ስልቻ ዛሬ ፈታሁት። ከቆላው ዘመቻ ከምርኮው ጋር የመጣ ነው። እህል መስሎኝ ነበር። መጻሕፍት ናቸው! የእስላም ጽሕፈት። ብራና ሳይሆን ወረቀት። አንደኛው ቀይ ቆዳ የለበሰ፣ ክዳኑ እንደ ኮሮጆ አፍ የሚታጠፍ፣ ጌጡ የሚያምር። ገለጥ አድርጌ ዘጋሁት። ምኑን አውቄው…

ምን ክር ይሰጣቸው? ቀይ አይሆኑ፣ ነጭ አይሆኑ። በየነን ከየት እንደመጡ ጠየቅኩት። ኮርቻ ይጠግን ነበር። ቀና ሳይል አላውቅም አለ።

ጥቁር ክር አሰርኩባቸው። መዝገቤ ላይ «የማይነበብ» ብዬ ጻፍኩ። ጣራው ከሚያንጠባጥብበት ጥግ፣ መሬት ላይ ደረደርኳቸው። ሌላ ቦታ የለማ።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

ኅዳር 22

ደጓሹ አባ ሠርከአዲስ ከሸዋ ደረሱ። ወይዘሮ አሰገደች ለአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ተአምረ ማርያም አስጽፈዋል፤ ጥር ሃያ አንድ ቅዳሴ ቤቱ ሲከበር ይገባል። ጽሕፈቱ አልቋል። ድጉሱ ነው የቀረው፣ በቆዳ መልበሱ።

አባ የጎባን ቆዳ አይተው ፊታቸውን አጨማደዱ። በብርዱ አልለፋም፣ ደርቋል። ከሸዋ ሌላ ቆዳ እስኪመጣ በዓሉ ያልፋል። እመቤቴ ተጨነቁ። እኔ ነኝ ያሰብኩት… ማንም አላለኝም። ጥግ ሄጄ ቀዩን አነሣሁና፣ ይሄ አይሆንም ወይ አልኩ። አባ በጣታቸው ዳሰሱት። እንዲህ ያለ ቆዳ ከየት ተገኘ አሉ።

ስፌቱን በካራ የበጠስኩት እኔ ነኝ። ቆዳው ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ። ወረቀቱንም ወሰዱት፤ ከእንጨቱና ከቆዳው መሐል ገብቶ ሽፋኑን ያደልባል አሉ።

እመቤቴ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር አሉ።

ታኅሣሥ 6

ብርድ። ቶጎና ወንዝ ዳር ያለው ሣር ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነጋ። ሥራ የለም። ድመቷ መጣች።

ታኅሣሥ 17

ዛሬ የሆነውን መጻፍ አለብኝ።

ዛሬ ግምጃ ቤቱ በር ላይ አንድ ሽማግሌ መጣ። ሼህ ቃሲም ይሉታል። ፊታውራሪ የላኩት ሰው አብሮት ነበር። ለካ ይሄ ሰው በሮቤ በኩል የተጣሉ ሁለት ጎሣዎችን አስታርቆ ደም አድርቋል። ፊታውራሪ ደስ ብሏቸው የፈለግኸውን ጠይቀኝ አሉት። በሬ አልጠየቀ። መሬት አልጠየቀ። በዘመቻው ጊዜ የአባቴ መጽሐፍ ተወስዷል፣ እሱን ልየው አለ። ይመለስልኝ እንኳ አላለም። ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ልገልብጠው፣ ሌላ ቅጂ የለውም አለ። ፊታውራሪ ስቀው፣ ይሄ ምን አላት፣ ስጡት አሉ።

በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። «ነጋ ጂርታ?» ደህና ነኝ አልኩ። በሩ ላይ ጫማውን አወለቀ። ግምጃ ቤት እንጂ መስጊድ አይደለም ልለው ከአፌ መለስኩት።

መጽሐፉን በእጁ አሳየኝ፣ ርዝመቱን፣ ውፍረቱን። ቀይ ነው አለ። ክዳኑ ይታጠፋል አለ።

ወዲያው አወቅኩት።

የለም አልኩ። ከመጡት ውስጥ እንዲህ ያለ የለም።

ለምን? ለምን እንዲህ አልኩ? አፌ ከእኔ ቀደመ።

የቀሩትን ልይ አለ። አሳየሁት። ጥጉ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ተንበረከከ። አንድ በአንድ እያነሣ በጋቢው ጠርዝ ውኃውን ጠረገ። አዟዟራቸው። ሁሉንም ገልብጬ ነው ያስቀመጥኳቸው! ራሱ ወደ ታች፣ ጀርባው ወደ ፊት። ከየት እንደሚጀምር እንኳ አላውቅም። አንዱን ሲያገኝ ግንባሩን አስነካው። ቁርኣን ነበር። አልተቆጣም። ቀስ ብሎ፣ «ኢንተላ፣ ይሄን ከመሬት አንሺው» አለኝ። ኢንተላ፣ ልጄ፣ ማለቱ ነው።

የሌሎቹንም ስም ነገረኝ። ይሄ የእገሌ ነው፣ ይሄ የእገሌ ነበር፣ አሁን የለም። ለእኔ ሁሉም አንድ ጥቁር ክር ነበሩ።

እንደገና እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ምናልባት ሌላ ቦታ ወድቆ ይሆናል፣ ፈልጊልኝ አለኝ። እሺ አልኩ።

እሺ አልኩ!

ታኅሣሥ 18

ቁርኣኑን ላይኛው መደርደሪያ ላይ አወጣሁት። ማንም ሳያየኝ። ምን ያሳፍራል? ማስቀመጥ ሥራዬ አይደል?

ለበየነ ነገርኩት። መጽሐፍ ነው እንጂ ሰው አልሞተ አለኝ። ቀዩ ነው ስለው ግን እጁን ከመሶቡ መለሰ። ቆየት ብሎ፣ ሽማግሌው አልለቅም ብሎ ነበር አለ። የትኛው ሽማግሌ? አልኩት። የመጽሐፉ ባለቤት፣ ደረቱ ላይ ይዞ አልለቅም አለ… አለና እሳቱን ቆሰቆሰ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

ተነሥቶ ወጣ። ራቱን ሳይበላ።

ታኅሣሥ 21

ሸማኔ ቤት ስሄድ፣ ውኃ ስቀዳ፣ ያ «ከዚያስ» አብሮኝ ይሄዳል። በየነም አይናገር እኔም አልጠይቅ። ሁለታችንም ምንም እንዳልሆነ እንኖራለን…

ታኅሣሥ 26

ከአባ ሠርከአዲስ መሥሪያ ዳስ ውስጥ አንድ ቅጠል ወረቀት አገኘሁ፤ ከቆዳ ፍርፋሪው ሥር። ረግጠውት ነበር። ይዤው ሮጥኩ።

ሼሁ ዛሬ ተመልሶ መጣ። ከስልቻው ሥር ይሄ ተገኘ ብዬ ሰጠሁት። ሌላ ውሸት። ተቀበለኝና ዓይኑ ዘንድ አቀረበው። ጽሕፈቱን እንዳወቀው ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

ዐረብኛ አልነበረም።

ኦሮምኛ ነው! በዐረብ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በሮቤ ገበያ የምሰማው፣ ቅቤ የምገዛበት፣ ከጎረቤቶቼ ጋር የምስቅበት ቋንቋ። እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። ስለ ላም ነበር፦

ላሚቱን በዱላ አትቅረቧት፣ በስሟ ጥሯት፤
መጀመሪያ የጥጃዋ ድርሻ፣ ከዚያ የጎረቤት፤
ጌታ የሚያየው ያለባችሁትን ወተት አይደለም፣
ያስቀራችሁትን ነው።

ስለ ወተትና ስለ ጌታ… እንደ ዘፈን ዜማ አለው። ሲያነብ ድምፁ ሌላ ሰው ሆነ።

አባቱ መጽሐፉን የጻፉት ዐረብኛ መማር ላልቻሉ ነው አለ። ለእረኞች፣ ለሴቶች፣ ማጀት ለሚውሉ። ቆላ፣ ብድሬ በኩል ሲኖሩ ሴቶቹ እያለቡ ያዜሙት ነበር። አሁን ከጦርነቱ ወዲህ ሰዉ ተበታተነ። እሱም ወደዚህ ወጣ። ግማሹን ያስታውሳል፣ ግማሹ እየጠፋበት ነው።

ከዚያ አየኝ። «አንቺም እኮ ትሰሚው ነበር» አለኝ። «ማንም ቢያነብልሽ ኖሮ።»

ዞሬ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ክሮች ማስተካከል ጀመርኩ።

ማታ መዝገቤን ገልጬ አየሁት። የማይነበብ። በገዛ እጄ፣ በጥሩ ቀለም። የማላነበው ማለት ነበረብኝ። የራሴን አለማወቅ በመጽሐፉ ላይ ክር አድርጌ አሰርኩት። ማንበብ የሚችል ሰው ደግሞ ከደጅ፣ ከገበያ፣ ከአንድ ጥሪ በማይርቅ ቦታ ነበር። መጠየቅ አልመጣልኝም።

ጥር 4

አባ ሠርከአዲስን በዘዴ ጠየቅኳቸው። ወረቀቱ ምን ሆነ? ግማሹ ከሽፋኑ ውስጥ ነው። ሌላውን ወታደሮች ለባሩድ መጠቅለያ ለመኗቸው፣ ሰጧቸው። ተቃጥሏል ማለት ነው። በገናም ዕለት ተተኩሷል… እኔም በደስታ ጆሮዬን ይዤ ስስቅ ነበር።

ቀዩ ቆዳ ተአምረ ማርያሙን ለብሷል። መስቀል ተደጉሶበታል። ያምራል፣ እውነቱን ለመናገር። አይቼው ወጣሁ።

ጥር 8

ሼሁ ሰው ልኮ ጠየቀኝ። እስካሁን አልተገኘም በሉት አልኩ።

ሦስተኛ ውሸት።

ጥር 13

አልቻልኩም። ለወይዘሮ አሰገደች ነገርኳቸው። እግራቸው ሥር ወድቄ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ሽፋኑ ይከፈትና ወረቀቱ ይውጣ አልኳቸው። ቆዳውንም ቢሆን።

አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻል ነበር። ጥጥ እየፈተሉ ነበር፣ እንዝርቱን አስቀመጡ። «የእመቤታችንን ልብስ ገፈሽ ማንን ልታለብሺ ነው?» አሉኝ።

እመቤቴ፣ የሰው ነው አልኩ። የአባቱ እጅ ነው።

እንዝርቱን መልሰው አነሡ። ልጄ፣ አሉ፣ እኛ እዚህ ያለን ነገር ሁሉ የሰው ነው። ይሄን ክር መምዘዝ ከጀመርሽ የት ላይ ታቆሚያለሽ? ይኸው ቤቱ፣ ይኸው እርሻው፣ ይኸው አንቺ የተኛሽበት። ደግሞም መጽሐፉ ክፉ ቦታ አላረፈም። ተይው።

ተይው… ስወጣ ቀለል ሊለኝ ምንም አልቀረው። እሳቸው ካሉ ምን አደርጋለሁ ልል ነበር። ደጁን ሳልፍ ግን የገዛ ራሴን ቃል ሰማሁት። መጽሐፍ የሚቀመጠው ለመገኘት ነው። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ!

ጥር 15

ለንስሐ አባቴ ልናገር ሄድኩ። ሰው በዝቶ ነበር። ተመለስኩ። ሰበብ ነው፣ አውቃለሁ።

ጥር 19

አደረግኩት።

አባ ሠርከአዲስ ለምሳ ሲሄዱ ተአምረ ማርያሙን ግምጃ ቤት አስቀመጡት። በሩን ክፍት ተውኩ፤ ተደብቄ አልሠራም አልኩ ለራሴ። በቀትር ብርሃን ጉልበቴ ላይ አስተኛሁት። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። የውስጡን የቆዳ እጥፋት በካራ ጫፍ ቀስ እያልኩ አነሣሁ። ሙጫው ይዟል። በሞቀ ውኃ ጨርቅ እየነካካሁ… አንዳንዱ ወረቀት ሙሉ ወጣ። አንዳንዱ ከእንጨቱ ጋር ቀረ። አንዱ እጄ ላይ እንደ እርጥብ ቂጣ ፈረሰ። ፊደሉ ጣቶቼ ላይ ታተመ።

ጽሕፈቱን አንድም ቅጠል አልነካሁም። የእመቤታችን ተአምር እንዳለ ነው። ሽፋኑ ብቻ።

ቀዩን ቆዳም ወሰድኩ።

በየነ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። ያስቆመኝ ይሆን? ዓይኔን አላነሣሁም። ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠና ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየተቀበለ ጋቢው ላይ ዘረጋቸው፣ እንዲደርቁ።

አባ ተመልሰው ሲያዩ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ።

ጥር 20

ወይዘሮ አሰገደች አስጠሩኝ። ግቢው ሁሉ ቆሞ ነበር። ቁልፉን አሉ። ከወገቤ ፈትቼ ሰጠሁ። አንቺን ባመሰገንኩበት በዚያ አፌ ሌላ አልናገርም አሉ። ዓይናቸው እንባ ነበረው። ፊታውራሪ ጅራፍ ያዝዙ ነበር፣ እሳቸው ናቸው ያስቀሩልኝ። የተገፈፈውን ቆዳም መልሺ አላሉኝም።

ግምጃ ቤቱን አንድ ደብተራ ተረከበ። ክሮቹ ምንድን ናቸው አለኝ። ነገርኩት። ለሱ ምን እንደሚሆኑ እንጃ።

ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም። ቅዳሴ ቤቱ ተከበረ። አዲሱ የጥድ ጣራ ይሸታል። ተአምረ ማርያሙ ባዶ እንጨቱን ገባ፣ ያለ ልብስ። ሴቶቹ ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር። እሷ ናት ሲሉ እሰማለሁ። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ አወረድኩት።

ተአምሩ ሲነበብ ግን እያንዳንዱ ቃል ይሰማ ነበር። እንጨት ለብሶም ይነበባል።

እንባዬ መጣ። ለየትኛው ነው ያለቀስኩት… አላውቅም።

ጥር 27

ወደ ሼህ ቃሲም ቤት ሄድኩ። በሮቤ መንገድ ነው፣ ከገብስ ማሳው ማዶ። በየነ አብሮኝ መጣ። ቅጥሩ ሲታየን ግን ቆመ። እዚህ እጠብቅሻለሁ አለ። ግባ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ሼሁ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር። ከባለቤታቸው ከአዴ ሩቂያ ጋር፤ አዴ እናት ማለት ነው። እስከ ዛሬ አንተ እያልኩ ነበር የማናግራቸው። ዛሬ አፌ እንቢ አለ። «ኢሲን» አልኩ፣ በኦሮምኛ እርስዎ እንደማለት። ቀና ብለው አዩኝ።

ጋቢውን ፈትቼ ወረቀቶቹን ፊታቸው አኖርኩ። ቆዳውንም። መስቀል የተደጎሰበትን የአባታቸውን ቆዳ።

ማን ዘንድ ነበር አሉ። እኔ ዘንድ አልኩ። ማን ቆረጠው አሉ። እኔ። ማን አዘዘሽ? ማንም።

ከዚያ ያ የምፈራው መጣ። «መጀመሪያ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ነፋሱ ወረቀቱን ሊያነሣው ሲል አዴ ሩቂያ እጃቸውን ጫኑበት። ሼሁ ይቅር አላሉኝም። አልረገሙኝምም። ወረቀቶቹን አነሡና ይለዩ ጀመር። እኔ ደርድሬ ነበር ያመጣሁት፣ በሚመስለኝ። ከግራ ወደ ቀኝ። ሁሉንም አፈረሱት፣ ከቀኝ ጀምረው እንደ አዲስ ደረደሩት። ሲጨርሱ በመሐል በመሐል ብዙ ቦታ ጎደለ።

ላግዝዎት አልኳቸው። የሚያስታውሱትን ይበሉልኝ፣ በእኛ ፊደል ልጻፈው። ቶሎ ነው የምጽፈው።

አይሆንም አሉኝ። «አንቺ ብዙ አስቀመጥሽ። አሁን መስማት ከፈለግሽ ስሚ።»

ስመለስ በየነ ከዛፉ ሥር እዚያው ነበር። ምን አሉ አለኝ። መጽሐፉን ከአባታቸው ደረት ስለነጠቀው ሰው አልጠየቁም አልኩት። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ያን ጊዜ «ከዚያስ» ያልኩት ጥያቄ መልስ አገኘ። ማንም ሳይነግረኝ።

የካቲት 11

ሮቤ ገበያ አዴ ሩቂያን አገኘኋቸው። ሰላም ላልላቸው ዞር ልል ነበር፣ ከማፈሬ። እሳቸው ጠሩኝ። ቅዳሜ ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ የሚያስታውሱትን ሊያዜሙ። ነይ አላሉኝም። ነገሩኝ ብቻ።

የካቲት 19

ሄድኩ። በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ማንም አላነጋገረኝም። ማንም ውጪ አላለኝም።

መጋቢት 2

አዲሱ ደብተራ ጥጉን ለጠመንጃ ፈልጎት የቀሩትን የእስላም መጻሕፍት ከግምጃ ቤት ይውጡልኝ አለ። ፊታውራሪ ሼሁ ይውሰዳቸው ብለው ፈቀዱ። በየነ ጠዋት በአህያ ጭኖ አደረሰ። እስከ በሩ ሄዷል ይላሉ። ቁርኣኑን ከሁሉ በላይ አድርጎ ጭኖታል፤ እኔ ሳልነግረው።

ሼሁ ለየባለቤቱ ሰው ላኩ። ባለቤቱ የሞተ፣ ለልጁ። ልጅም የሌለው፣ እሳቸው ዘንድ ተቀመጠ፣ የማን እንደነበር ስሙ ተጽፎበት።

የማን እንደነበር… እኔ ይህን መቼ ጽፌ አውቃለሁ?

መጋቢት 18

በሰንበት ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ወይዘሮ አሰገደች አጠገቤ አለፉ። አላዩኝም። ዱሮ ክንዴን ይዘው ነበር የሚገቡት። ሲወጡ ግን አዳፋ ለብሰሻል፣ ልብስ የለሽም ወይ አሉና አለፉ። ስድብም ይመስላል። እንደ ናፍቆትም ሰማሁት።

ሚያዝያ 5

ዝናቡ ያዘ። እስከ ሼሁ ቤት ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። አልቀርም።

ሴቶቹ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች። አይ እንዲህ አይደለም ይባባላሉ። አንዷ እናቷ ያለችውን ትላለች፣ ሌላዋም የራሷ እናት ያለችውን። ሼሁ ሁለቱንም ይጽፋሉ። የትኛው ትክክል ነው አልኳቸው፤ ደፍሬ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሲያናግሩኝ ዛሬ መጀመሪያው ነው። የሁለቱም እናት አፍ ነው አሉ። እኔ ብመርጥ አንዷን እናት ዳግመኛ መግደል ነው አሉ።

ሚያዝያ 23

ዛሬ ሼሁ መጽሐፉን አሳዩኝ። አዲሱን። አሮጌዎቹ ወረቀቶች በየቦታቸው ገብተው፣ በአዲሶቹ መሐል። ሙጫው ያጠቆራቸው ያስታውቃሉ። ሽፋን የለውም። ቀዩን ቆዳ መልሰው አላለበሱትም፤ ለብቻ በጨርቅ ጠቅልለው ሰቅለውታል።

ማንበብ ባልችልም ቅጠል በቅጠል ገለበጥኩት። ከቀኝ። አንድ ቦታ ስደርስ ባዶ ነው። ጽሕፈት የለም። ቀጥሎም ባዶ። ከዚያ ይቀጥላል።

ይሄስ አልኳቸው።

ስለ ሞት ይናገር የነበረው ነው አሉ። አባቴ ሰው ሲሞትባቸው እንዲሉት የጻፈው። እኔ ጠፋብኝ፣ ሴቶቹም ጠፋባቸው። ወረቀቱን አታጥብበው፣ ቦታውን ተውለት አልኩ ለራሴ፤ የሚያውቅ ሊመጣ ይችላል አሉኝ።

እጄን ባዶው ላይ አደረግኩ። ያ ወረቀት በገና ዕለት የተተኮሰው ይሆናል። እኔ የሳቅኩበት። ግምጃ ቤቴ ውስጥ ባዶ ቦታ አልነበረም፣ እመካበት ነበር። ይሄኛው ባዶ የእኔ ነው።

አዴ ሩቂያ ያን ጊዜ ተናገሩ። ብድሬ በኩል አንዲት አሮጊት ነበረች አሉ፤ ለቅሶ ቤት እየሄደች የምታዜመው። በሕይወት ካለች። ግን ሩቅ ነው፣ ዝናቡም ነው፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከዚህ የለም። ሼሁ እግራቸው አይችልም።

ቤት መጥቼ ለበየነ እንዲሁ ነገርኩት። ና አላልኩትም። ልሂድ ብዬም አልጠየቅኩትም። እሳቱን ሲያይ ቆየ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ተወው። በቅሎዋን ሊጭን ተነሣ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ። «መንገዱን።»